ትእዛዙ ከአንጎል ሲቀንስ፦ ክሎኒዲንና ሜቲልዶፓ የደም ግፊትን የሚያወርዱበት መንገድ

ለከፍተኛ የደም ግፊት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አብዛኞቹ ሥራቸውን የሚሠሩት ከአንገት በታች ነው። አንዱ ኩላሊት ተጨማሪ ጨውና ውኃ እንዲያስወግድ ያደርጋል፤ ሌላው በደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ያለው ጡንቻ እንዲላላ ያደርጋል፤ ሌላው ደግሞ ቧንቧን የሚያጠበው አንጂዮቴንሲን የተባለ ሆርሞን እንዳይመረት ወይም ከተመረተ በኋላ እንዳይሠራ ያግዳል። ከእነዚህ የተለየ አንድ አነስተኛ ቡድን አለ። ክሎኒዲን፣ ሜቲልዶፓ፣ ጓንፋሲን፣ ሞክሶኒዲንና ሪልሜኒዲን የሚገኙበት ይህ ቡድን ወደ አንጎል ዘልቆ በመግባት፣ ልብንና የደም ቧንቧዎችን የሚያዝዘው የነርቭ ማዕከል የሚልከውን ትእዛዝ ይቀንሳል። በማዕከላዊው የነርቭ ሥርዓት ላይ የሚሠሩ የግፊት መድኃኒቶች የሚባሉትም በዚህ ምክንያት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ባደረገው ግምት መሠረት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆኑ አዋቂዎች መካከል 1.28 ቢሊዮን ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት አለባቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር የዋለው ከአምስት አንዱ ያህል ብቻ ነው። ከዚህ እጅግ ብዙ ሕዝብ ውስጥ ሦስት ዓይነት መድኃኒት እየወሰደ እንኳ ግፊቱ አልወርድ የሚለው ሰው ቁጥሩ ጥቂት አይደለም። ከስልሳ ዓመት በላይ ያስቆጠሩት እነዚህ መድኃኒቶች ዛሬም ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ያልወረዱት በከፊል ለዚህ ዓይነቱ ሕመምተኛ ሲባል ነው። አወሳሰዳቸው ግን ከሌሎቹ ይለያል። የሚጠቅሙበትም የሚጎዱበትም መንገድ ከአንድ ቦታ የሚነሣ በመሆኑ፣ መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ የሚያደርገውን የተረዳ ሰው ለምን እንደሚያስተኛ፣ ለምን አፍ እንደሚያደርቅና ከሁሉም በላይ ለምን በድንገት መቆም እንደሌለበት ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባዋል።

ግፊትን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ልብ በየደቂቃው የምትረጨው የደም መጠን አንዱ ሲሆን፣ ትናንሾቹ የደም ቧንቧዎች ለደሙ ፍሰት የሚያሳዩት ተቃውሞ ሁለተኛው ነው። ሁለቱም በየቅጽበቱ ይለዋወጣሉ። የተኛ ሰው ብድግ ሲል ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል፤ ሰውዬው ራሱን ስቶ የማይወድቀው በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ልቡ ፈጠን፣ ቧንቧዎቹም ጠበብ ስለሚሉ ነው። ይህን ማስተካከያ የሚመራው በአንጎል የታችኛው ጫፍ ላይ፣ አንጎል ከአከርካሪ ነርቭ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የሚገኘው ሜዱላ የተባለው ክፍል ነው። በአንገት ግራና ቀኝ በሚያልፉት ካሮቲድ በተባሉ ደም ቅዳዎች መከፈያ ላይ፣ እንዲሁም ከልብ በሚወጣው ትልቁ ቧንቧ በአኦርታ ቅስት ላይ፣ የቧንቧውን መለጠጥ የሚለኩ የነርቭ ጫፎች አሉ። እነዚህ ጫፎች የለኩትን ወደ ሜዱላ ያቀብላሉ፤ መልእክቱን በመጀመሪያ የሚቀበለውም ኑክሊየስ ትራክተስ ሶሊታሪየስ በመባል የሚታወቀው የነርቭ ሕዋሳት ስብስብ ነው።

ከዚያ የሚሆነው እንዲህ ነው። ግፊቱ ከፍ ሲል የቧንቧው ግድግዳ ይለጠጣል፤ ከነርቭ ጫፎቹ የሚመጣው መልእክትም ይበረታል፤ ይህ መልእክት የሲምፓቴቲክ ነርቮችን የሚያነሣሣውን ሌላኛውን የሜዱላ ክፍል ዝም ያሰኘዋል። በዚያው ጊዜ ልብን የሚያረጋጋው የቬገስ ነርቭ ሥራው ይጨምራል። ግፊቱ ዝቅ ሲል ደግሞ ተቃራኒው ይከሰታል። ሲምፓቴቲክ የሚባለው የነርቭ ክፍል ሰው ሲደነግጥ፣ ሲቆጣ ወይም ሲሮጥ ጎልቶ የሚታየው ነው፤ ነገር ግን ሰው በተረጋጋበት ሰዓትም ጨርሶ አያርፍም። ቧንቧዎች በተወሰነ ደረጃ ጠበብ ብለው እንዲቆዩ የሚያደርግ የማይቋረጥ ትእዛዝ ቀንና ሌሊት ይልካል። ከልክ ያለፈ ውፍረት ባለባቸው፣ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሻቸው በሚቆራረጥና ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ ይህ ትእዛዝ ከመጠን በላይ ጠንክሮ እንደሚገኝ በተደጋጋሚ ታይቷል። ለዓመታት ከፍ ብሎ በቆየ ግፊት ላይ የሚጨመር ሌላ ችግርም አለ፤ የመለኪያው ሥርዓት ራሱ ከፍ ያለውን ግፊት እንደ ትክክለኛ መጠን ይለምደውና ከዚያ በታች እንዳይወርድ ይከላከልለታል።

ሲምፓቴቲክ ነርቭ መልእክቱን የሚያስተላልፈው ኖርአድሬናሊን የተባለ ንጥረ ነገር በመልቀቅ ነው። ንጥረ ነገሩ ተቀባዩ ሕዋስ ላይ ካሉ ተቀባዮች ጋር ተጣብቆ ያነሣሣዋል። ተቀባዮቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። አልፋ-1 የሚባለው የቧንቧ ጡንቻ እንዲኮማተር ያደርጋል፤ ቤታ-1 ልብን ያፈጥናል፤ አልፋ-2 የሚባለው ደግሞ በብዛት የሚገኘው ኖርአድሬናሊኑን በለቀቀው በዚያው ነርቭ ጫፍ ላይና በአንጎል ውስጥ ባሉ ሕዋሳት ላይ ሲሆን ሥራው ማገድ ነው። ነርቩ በቂ ኖርአድሬናሊን ሲለቅ የተለቀቀው ራሱ ተመልሶ አልፋ-2 ላይ ያርፍና ተጨማሪ እንዳይለቀቅ ያደርጋል። ክሎኒዲን የሚጠቀመው ይህንን በተፈጥሮ ያለ ልጓም ነው። ቅባት ነክ በሆነው አካል ውስጥ በቀላሉ ስለሚያልፍ አንጎልን ከደም የሚለየውን መጋረጃ ተሻግሮ ሜዱላ ይደርሳል፤ እዚያም አልፋ-2 ተቀባዮችን በማነሣሣት ማዕከሉ በቂ ኖርአድሬናሊን ያለ እንዲመስለው ያደርጋል። ማዕከሉም ትእዛዙን ይቀንሳል፤ የልብ ምት ዝግ ይላል፤ ቧንቧዎች ይላላሉ፤ ኩላሊት ሬኒን የተባለውን ግፊት ጨማሪ ንጥረ ነገር የሚለቅበት መጠንም ይወርዳል።

እዚህ ላይ ለብዙ ሰው ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ክሎኒዲን ተቀባዩን የሚያነሣሣ እንጂ የሚዘጋ መድኃኒት አይደለም፤ የሚያነሣሣው ግን ማገጃውን ስለሆነ የመጨረሻው ውጤት ማረጋጋት ይሆናል። አልፋ-2 ተቀባዮች ግን በደም ቧንቧዎች ግድግዳ ላይም ይገኛሉ፤ እዚያ ሲነሡ ቧንቧውን ያጠባሉ። ስለዚህ መድኃኒቱ በደም ሥር በፍጥነት ሲሰጥ ግፊቱ በመጀመሪያ ለአጭር ጊዜ ከፍ ይላል፤ መውረድ የሚጀምረው የአንጎሉ ውጤት ሲያይል ነው። በአፍ ሲወሰድ የመጀመሪያው ከፍታ አይታይም ማለት ይቻላል። እንክብሉ ከተዋጠ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ግፊቱ ዝቅ ማለት ይጀምራል።

የክሎኒዲን አመጣጥ ከመድኃኒት ታሪኮች ሁሉ አስቂኝ ከሚባሉት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ቦሪንገር ኢንግልሃይም በተባለው የጀርመን ኩባንያ ውስጥ ኬሚስቱ ሄልሙት ሽቴህለ ንጥረ ነገሩን የሠራው ለተደፈነ አፍንጫ ጠብታ ይሆናል በሚል ነበር። አሳቡ የተሳሳተ አልነበረም፤ የአፍንጫ ቧንቧዎችን የሚያጠብ ነገር መደፈኑን ያቃልላል። ከኩባንያው ሐኪሞች አንዱ ጉንፋን ለያዛት ጸሐፊው ጠብታውን ሰጣት፤ እርሷም 24 ሰዓት ያህል እንቅልፍ ወሰዳት። ስትመረመር የልብ ምቷ ዝግ ብሎ፣ የደም ግፊቷ ወርዶ፣ አፏም ደርቆ ተገኘ። ዛሬ በመድኃኒቱ ማሸጊያ ውስጥ በሚገኘው ወረቀት ላይ የሚዘረዘሩት ዋና ዋና ውጤቶች በዚያች አንዲት ቀን በአንድ ሰው ላይ ሁሉም ታይተዋል ማለት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በ1966 ክሎኒዲን ለደም ግፊት ሕክምና በአውሮፓ ገበያ ላይ ዋለ።

ሜቲልዶፓም በሌላ መንገድ ቢሆን በአጋጣሚ የተገኘ ነው። ተመራማሪዎቹ የሚፈልጉት ሰውነት ኖርአድሬናሊንን የሚሠራበትን የኬሚካል ሂደት የሚያግድ ነገር ነበር፤ በ1960 የወጣው ጥናት ንጥረ ነገሩ በሰው ላይ ግፊትን እንደሚያወርድ ሲያሳይ ምክንያቱ ያ እገዳ መሰላቸው። ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ማብራሪያ መጣ፤ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ወደ አልፋ-ሜቲልኖርአድሬናሊን ይለወጣል፤ ይህ ሐሰተኛ መልእክተኛ የእውነተኛውን ቦታ ይይዝና ነርቩ ደካማ መልእክት እንዲያስተላልፍ ያደርጋል ተባለ። ለውጡ እውነት ነው፤ ደካማ ነው የተባለው ግን ስህተት ሆኖ ተገኘ። አልፋ-ሜቲልኖርአድሬናሊን በአንጎል ውስጥ አልፋ-2 ተቀባዮችን አጥብቆ የሚያነሣሣ ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ ሜቲልዶፓና ክሎኒዲን በተለያየ በር ገብተው የሚገናኙት አንድ ቦታ ላይ ነው። ክሎኒዲን እንደደረሰ ሥራ ሲጀምር፣ ሜቲልዶፓ በመጀመሪያ ወደ አንጎል መጓጓዝ፣ ከዚያም በነርቭ ሕዋሳቱ ውስጥ መለወጥ ስላለበት ሙሉ ውጤቱ የሚታየው ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

ሁለቱ መድኃኒቶች ሲመጡ ሐኪሞች የተቀበሏቸው በደስታ ነበር፤ ምክንያቱን ለመረዳት ከእነርሱ በፊት የነበረውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1950ዎቹ የነበሩት ኃይለኛ የግፊት መድኃኒቶች የነርቩን መልእክት ከአንጎል ውጭ በመንገዱ ላይ ጨርሰው የሚቆርጡ ነበሩ። ግፊቱ ይወርዳል፤ ነገር ግን ሕመምተኛው ብድግ ባለ ቁጥር ያዞረዋል ወይም ይወድቃል፤ ማስተካከያው ሥርዓት አብሮ ተቆርጧልና። በአንጎል ውስጥ የሚሠሩት መድኃኒቶች ትእዛዙን ይቀንሳሉ እንጂ ማስተካከያውን አያጠፉትም። ቆሞ መውደቅ ጨርሶ ቀረ ባይባልም፣ በተለይ በአረጋውያንና ብዙ ውኃ ከሰውነታቸው ባለቀባቸው ሰዎች ላይ ዛሬም ቢያጋጥምም፣ ከቀድሞዎቹ ጋር ሲነጻጸር ግን ትልቅ እፎይታ ነበር።

በ1980ዎቹ ደግሞ የክሎኒዲን ሥራ በአልፋ-2 ብቻ የሚገለጽ አይደለም የሚል ክርክር ተነሣ። ክሎኒዲን በኬሚካላዊ ቅርጹ ኢሚዳዞሊን ከሚባሉት ወገን በመሆኑ፣ በሜዱላ ውስጥ ይህን ቅርጽ የሚለዩ ሌሎች ተቀባዮች አሉ፤ ግፊትን የሚያወርዱት እነዚህ ናቸው፤ አልፋ-2 የሚያመጣው እንቅልፍንና የአፍ መድረቅን ነው የሚል አሳብ ቀረበ። እውነት ቢሆን ጥሩ ነበር፤ እንቅልፉን ትቶ ግፊቱን ብቻ የሚያወርድ መድኃኒት መሥራት ይቻል ነበርና። ሞክሶኒዲንና ሪልሜኒዲን በዚህ ተስፋ ወደ ሕክምና የገቡ ሲሆን፣ እንቅልፍና የአፍ መድረቅ በእነርሱ ላይ ከክሎኒዲን ይልቅ ቀለል ብለው ይታያሉ። ይሁን እንጂ በ1996 የታተመ የአይጥ ጥናት ከአልፋ-2 ዓይነቶች አንዱ የሆነው የአልፋ-2ኤ ተቀባያቸው በዘረመል ለውጥ ሥራውን እንዲያጣ በተደረገ አይጦች ላይ የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች ግፊት የማውረድ ኃይል እንደሚጠፋ አሳየ። ክርክሩ እስከ ዛሬ ፈጽሞ አልተዘጋም፤ በእኔ እይታ ግን የማስረጃው ሚዛን ወደ አልፋ-2ኤ ያደላል፤ ለሕመምተኛውም በተግባር የሚለውጠው ነገር ብዙ አይደለም።

መድኃኒቱ የሚያንቀላፋው እንዴት ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ በዚያው በአንጎል ግንድ ውስጥ ይገኛል። ሎከስ ሰሩሊየስ የተባለው ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ ኖርአድሬናሊንን ወደ አብዛኛው የአንጎል ክፍል እየላከ ሰውን ንቁ ያደርጋል። ክሎኒዲን ይህንንም ስብስብ ያግደዋል፤ ንቃት ይቀንሳል። በቀዶ ሕክምና ክፍሎችና በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ሕመምተኛን ለማረጋጋት የሚሰጠው ዴክስሜዴቶሚዲን የክሎኒዲን የቅርብ ዘመድ ሆኖ የሚሠራውም በዚሁ ቦታ ነው። ጓንፋሲንና ክሎኒዲን ትኩረት ማጣትና ቅብጥብጥነት ለሚታይባቸው ልጆች፣ ክሎኒዲን ደግሞ ከሞርፊን መሰል ሱስ ለመውጣት በሚታከሙ ሰዎች ላይ የሚታየውን ላብ፣ መንቀጥቀጥና ጭንቀት ለመቀነስ የሚታዘዙት የዚሁ የነርቭ መረጋጋት ውጤት ስለሚፈለግ ነው። ለግፊት ሕመምተኛው ግን እንቅልፉ የማይፈለግ ጣጣ ነው። መኪና የሚነዳ ወይም ከማሽን ጋር የሚሠራ ሰው መድኃኒቱን ሲጀምርና መጠኑ ሲጨመር መጠንቀቅ አለበት፤ አልኮልና ሌሎች የሚያስተኙ መድኃኒቶች ደግሞ እንቅልፉን ያብሱታል። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰደው ክሎኒዲን ትልቁ ድርሻው ለመኝታ ሰዓት እንዲሆን የሚደረገውም ለዚህ ነው። አፍ መድረቅ፣ የሆድ ድርቀት፣ የልብ ምት መዘግየት፣ የወሲብ ፍላጎት መቀነስና አንዳንድ ጊዜ የመንፈስ ጭንቀት ከእንቅልፉ ጋር ይመጣሉ። ሁለቱም መድኃኒቶች ብቻቸውን ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲያስቀር ስለሚያደርጉ ግፊቱ ቀስ በቀስ ተመልሶ ይወጣል፤ በመሆኑም አብዛኛውን ጊዜ ከሚያሸና መድኃኒት ጋር ይታዘዛሉ።

ከሁሉም በላይ አደጋ ያለው ግን መድኃኒቱን መውሰድ ላይ ሳይሆን ማቆም ላይ ነው። ሰውነት ለሳምንታትና ለወራት ከውጭ በሚመጣ ማገጃ ሥር ሲቆይ ራሱን ከዚያ ጋር ያስማማል፤ ማገጃ ተቀባዮቹ ምላሻቸው ይደክማል፤ የታፈነው የነርቭ ሥርዓትም ልጓሙ ሲላላ ለመፈንጠር የተዘጋጀ ይሆናል። በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ክሎኒዲን የሚወስድ ሰው ዓርብ ማታ እንክብሉ አለቀበትና እስከ ሰኞ ልቆይ አለ እንበል። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ያለው መጠን በየ12 እስከ 16 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ቅዳሜ ቀን ሰውዬው ምንም ላይሰማው ይችላል፤ እንዲያውም እንቅልፉ ስለለቀቀው የተሻለው ይመስለዋል። ወደ ቅዳሜ ምሽትና እሑድ ግን እረፍት ማጣት፣ ራስ ምታት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብና የልብ ትርታ ይጀምሩታል፤ ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ግፊቱ ሲለካ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ከነበረበትም አልፎ ሊገኝ ይችላል። ይህ የግፊት ማገርሸት በአንዳንዶች ላይ ስትሮክንና የልብ ድካምን እስከማስከተል ደርሷል፤ አደጋው ከፍ ያለ መጠን ለረጅም ጊዜ በወሰዱ ሰዎች ላይ ይበረታል።

ቤታ ተቀባዮችን የሚዘጋውን ቤታ ብሎከር የተባለ መድኃኒት ከክሎኒዲን ጋር አብሮ የሚወስድ ሰው ደግሞ ይበልጥ ሊፈራለት ይገባል። ክሎኒዲኑ ሲቆም አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን በብዛት ይለቀቃሉ፤ ከእነዚህ አንዳንዱ ቤታ-2 ተቀባዮችን በማነሣሣት የጡንቻ ቧንቧዎችን ያሰፋ ነበር። ቤታ ብሎከሩ ይህን በር ከዘጋው የቀረው ቧንቧን የሚያጠበው አልፋ-1 ብቻ ስለሆነ ግፊቱ ያለ ተቃዋሚ ይወጣል። ስለዚህ ሁለቱን ማቆም የግድ ሲሆን በመጀመሪያ የሚቆመው ቤታ ብሎከሩ ነው፤ ከብዙ ቀናት በኋላ ክሎኒዲኑ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ይወጣል። ማገርሸቱ ከመጣም ሕክምናው ብዙውን ጊዜ የተቋረጠውን ክሎኒዲን መልሶ መጀመር ነው። ሜቲልዶፓና ጓንፋሲን በሰውነት ውስጥ ውጤታቸው ቀስ ብሎ የሚወጣ በመሆኑ ማገርሸታቸው ከክሎኒዲን ለዘብ ያለ ነው፤ ሆኖም በድንገት ይቁሙ ማለት አይደለም። በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ክሎኒዲን ለሰባት ቀን ስለሚያገለግልና ሲነሣም ውጤቱ በቀናት ውስጥ ስለሚጠፋ እንክብል መርሳት ለሚበዛበት ሰው የተሻለ አማራጭ ይሆናል፤ ለመሥራት ሁለት ወይም ሦስት ቀን መፍጀቱና የተለጠፈበትን ቆዳ ማሳከኩ ግን ጉድለቱ ነው።

ከዚህ በመነሣት አንድ የተለመደ አሠራር እንደገና መታየት አለበት ብዬ አምናለሁ። ግፊቱ በጣም ከፍ ብሎ የተገኘ፣ ነገር ግን የደረት ሕመምም ሆነ የትንፋሽ እጥረት፣ የእይታ መደብዘዝም ሆነ የሰውነት መዛል ለሌለበት ሰው ክሎኒዲን ወዲያውኑ እየሰጡ ቁጥሩ እስኪወርድ መጠበቅ በብዙ ቦታዎች ልማድ ሆኗል። መድኃኒቱ በፍጥነት ስለሚሠራ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ሐኪሙም ሕመምተኛውም ይረካሉ። ይሁን እንጂ ለዓመታት ከፍ ያለ ግፊት የለመደ አንጎል በሰዓታት ውስጥ በኃይል ሲወርድበት የሚደርሰው ደም ሊያንሰው ይችላል፤ ሰውዬው ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ደግሞ መድኃኒቱ ይወጣና ግፊቱ ወደነበረበት ይመለሳል። እንዲህ ላለው ሰው የሚበጀው የዘወትር መድኃኒቱን ማስተካከልና በቀናት ውስጥ ተመልሶ እንዲታይ ማድረግ ነው። ክሎኒዲንን ግፊቴ ከፍ ያለ ሲመስለኝ ብቻ እውጠዋለሁ ማለትም ከዚሁ የሚመደብ ነው፤ ቁጥሩን ቀን በቀን እያወጡ ማውረድ የደም ቧንቧን አያሳርፍም።

መድኃኒቶቹ ከመጀመሪያው ረድፍ የወረዱት በእንቅልፉና በማገርሸቱ ምክንያት ብቻ አይደለም። የሚያሸኑ መድኃኒቶች፣ የካልሲየም ቻናል አጋጆችና አንጂዮቴንሲንን የሚያግዱት ቡድኖች ስትሮክንና የልብ ሕመምን እንደሚቀንሱ በትላልቅ ጥናቶች ተረጋግጧል። ክሎኒዲን ግን የልብ አደጋን እንደሚቀንስ የሚያሳይ ተመጣጣኝ ማስረጃ የለውም። ግፊቱን ማውረዱ ብቻ በቂ ነው ብሎ ማሰብ እንደሚያሳስት ሞክሶኒዲን በልብ ድካም ሕመምተኞች ላይ የተሞከረበት ጥናት በግልጽ አሳይቷል። የሲምፓቴቲክ ትእዛዝ መብዛት የልብ ድካምን እንደሚያባብስ ይታወቅ ስለነበር ትእዛዙን ከምንጩ መቀነስ ዕድሜ ያራዝማል ተብሎ ተስፋ ተደርጎ ነበር። ጥናቱ ግን ከተያዘለት ጊዜ በፊት ተቋረጠ፤ ሞክሶኒዲን ከወሰዱት 54፣ የማስመሰያ እንክብል ከወሰዱት 32 ሰዎች ሞተው ተገኙና። ሌላው ትምህርት ከቀዶ ሕክምና መጣ። በ2014 ውጤቱ በታተመውና ከልብ ውጭ የሆነ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 10,010 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ አነስተኛ መጠን ያለው ክሎኒዲን መስጠት ሞትንም ሆነ የልብ ጡንቻ መጎዳትን አልቀነሰም፤ የግፊት መውረድን ግን አብዝቷል። እዚህ ላይ መለየት የሚያስፈልገው አስቀድሞ ክሎኒዲን ሲወስድ የቆየ ሰው ጉዳይ ነው፤ እርሱ ለቀዶ ሕክምና ሲገባ መድኃኒቱ ሊቋረጥበት አይገባም፤ ማገርሸቱ በቀዶ ሕክምናው መካከል እንዳይመጣ።

ሦስት መድኃኒት እየወሰዱ ግፊታቸው ላልወረደ ሰዎች አራተኛው ምን ይሁን ለሚለው ጥያቄ በብራዚል የተካሄደና በ2018 የታተመ ጥናት ክሎኒዲንን ፖታሲየምን በሰውነት ውስጥ ከሚያስቀረው የሚያሸና መድኃኒት ከስፓይሮኖላክቶን ጋር አወዳድሮ ነበር። ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር የዋለላቸው ሰዎች ድርሻ በሁለቱም ወገን ከአምስት አንድ ያህል ሆነ፤ በ24 ሰዓት ልኬት ግን ስፓይሮኖላክቶን የተሻለ ነበር፤ በቀን አንድ ጊዜ መወሰዱም ተጨምሮ ምርጫው ወደ እርሱ ሆነ። ስለዚህ ክሎኒዲን ለዚህ ሕመምተኛ የሚመጣው እንደ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ አማራጭ ነው፤ ፖታሲየሙ ከፍ ስላለ ስፓይሮኖላክቶን መውሰድ የማይችል የኩላሊት ሕመምተኛ ሲሆን ደግሞ ቀደም ብሎ ሊመጣ ይችላል። የኩላሊት ሕመምተኛው ክሎኒዲንን ከሰውነቱ የሚያስወግደው ቀስ ብሎ በመሆኑ መጠኑ አነስ ማለት አለበት።

ሜቲልዶፓ ከክሎኒዲን የተለየ ዕጣ ገጥሞታል። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ላይ ስሙ አለ፤ የተመዘገበው ግን በእርግዝና ምክንያት ለሚመጣ የደም ግፊት ብቻ ነው፤ ለተራው የደም ግፊት ሌሎች የተሻለ ማስረጃ ያላቸው መድኃኒቶች ስላሉ አይመከርም ይላል። በእርግዝና ጊዜ ቦታውን ያገኘው ከሁሉም በላይ ግፊት አውራጅ ስለሆነ አይደለም፤ ለረጅም ዘመን ስለተሞከረ ነው። አንጂዮቴንሲንን የሚያግዱት መድኃኒቶች የፅንሱን ኩላሊት ስለሚጎዱ ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሰጡም፤ ሜቲልዶፓን ግን በማኅፀን ሳሉ ያገኙ ልጆች እስከ ሰባት ዓመት ተኩል ዕድሜያቸው ክትትል ተደርጎላቸው እድገታቸው ጤናማ ሆኖ ተገኝቷል። በሌላ በኩል በሕንድ ናግፑር ከተማ በሁለት የመንግሥት ሆስፒታሎች በ894 ነፍሰ ጡሮች ላይ የተካሄደውና በ2019 የታተመው ጥናት ግፊታቸው በጣም ከፍ ላለ እናቶች በአፍ የሚሰጡ ሦስት መድኃኒቶችን አወዳድሯል። በስድስት ሰዓት ውስጥ የሚፈለገው ግፊት ላይ የደረሱት በኒፌዲፒን 84 በመቶ፣ በላቤታሎል 77 በመቶ፣ በሜቲልዶፓ 76 በመቶ ነበሩ። አንዲት ነርስ በእጇ ያለው ሜቲልዶፓ ብቻ ቢሆን ሕክምናውን ለማዘግየት ምክንያት የላትም ማለት ነው፤ ኒፌዲፒን ካለ ግን የሚቀድመው እርሱ ነው።

ሜቲልዶፓ የራሱ የሆኑ ጣጣዎች አሉት። ከሚወስዱት ሰዎች ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት ላይ የሰውነት መከላከያ በራሱ ቀይ የደም ሕዋሳት ላይ መነሣቱን የሚያሳየው ኩምብስ የተባለው የደም ምርመራ አዎንታዊ ይሆናል፤ ከእነዚህ በጥቂቶቹ ብቻ ቀይ የደም ሕዋሳት መፈራረስና የደም ማነስ ይከተላል። ጉበትን የሚያስቆጣበት ጊዜም አለ፤ ያልታወቀ ትኩሳት፣ የሽንት መጥቆር ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ከታየ መድኃኒቱ ቆሞ ምርመራ ይደረጋል። የደም ማነስ ላለባት ነፍሰ ጡር የሚታዘዘው ብረት ሜቲልዶፓ ከአንጀት እንዳይገባ ስለሚያደርግ ሁለቱን በተለያየ ሰዓት መውሰድ ይገባል፤ ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ጊዜ ሳትነገር ትቀርና ሐኪሙ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠኑን ይጨምራል። ከወሊድ በኋላ ደግሞ የመንፈስ ጭንቀት የሚያሰጋበት ወቅት በመሆኑ፣ ሜቲልዶፓ ስትወስድ የቆየች እናት በወለደች በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ሌላ የግፊት መድኃኒት እንድትዛወር ይመከራል።

ክሎኒዲን የሚወስድ ሰው ሌላ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ መድኃኒቱን በስሙ መጥራት አለበት። ለመንፈስ ጭንቀትና ለነርቭ ሕመም የሚታዘዙት አሚትሪፕቲሊንን የመሰሉ መድኃኒቶች፣ እንዲሁም ሚርታዛፒን፣ የክሎኒዲንን ሥራ ያከሽፋሉ፤ ለወራት ተረጋግቶ የቆየ ግፊት ከእነዚህ አንዱ በተጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። የልብ ምትን የሚያዘገዩት ቬራፓሚል፣ ዲልቲያዜም፣ ዲጎክሲን ወይም ቤታ ብሎከር ሲጨመርበት ደግሞ የልብ ምት ከሚገባው በላይ ሊዘገይ ይችላል። በቤት ውስጥ ልጆች ካሉ እንክብሉ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ አንዲት የ0.1 ሚሊግራም እንክብል በሕፃን ላይ እንቅልፍን፣ የልብ ምት መዘግየትንና የትንፋሽ መድከምን እንዳስከተለች ተመዝግቧል። ያገለገለው ልጥፍም ከቆዳ ሲነሣ ብዙ መድኃኒት ስለሚቀርበት ሁለት ታጥፎ ልጅ በማይደርስበት መንገድ ይጣል። የብረት ሽፋን ያለው ልጥፍ ከኤምአርአይ ምርመራ በፊት ካልተነሣ ደግሞ ቆዳን ያቃጥላል።